በዛፍ ላይ ሥራ ብርቱ የደም መፍሰስ ሲደርስ፦ ኦቶና እስኪደረስ በዛፉ ሥር የሚሰጥ የመጀመሪያ እርዳታ

መግቢያ

በወላይታ የገበሬው ግቢ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ የቆመበት አይደለም። ከቤቱ ጀርባ እንሰት፣ ከእንሰቱ ቀጥሎ ቡና፣ ከቡናው በላይ ዋንዛና ብሳና፣ በአጥሩ ዳር ባሕር ዛፍና ግራቪሊያ፣ በመካከሉም አቮካዶና ማንጎ ይገኛሉ። መሬቱ ጠባብ፣ የሚኖርበትም ሕዝብ ብዙ ስለሆነ፣ ገበሬው ወደ ጎን ያጣውን ወደ ላይ ይፈልገዋል። በመሆኑም በዚህ አገር ግብርና ማለት በከፊል ዛፍ ላይ መውጣት ማለት ነው። ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ቅርንጫፍ ይመለመላል፤ ለከብት ቅጠል ይቆረጣል፤ የቡና ጥላ ይሳሳል፤ ፍሬ ይለቀማል፤ ቀፎ ይሰቀላል፤ ማርም ይቆረጣል።

ስለ ችግኝ አፈላል፣ ስለ አተካከል ርቀትና ስለ ተባይ መከላከል በሌሎች ጽሑፎች ገልጠናል። ይህ በራሪ ጽሑፍ ግን ስለ ዛፉ ሳይሆን ዛፉ ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው። ገጀራ፣ መጥረቢያ ወይም መጋዝ ይዞ ከፍታ ላይ የሚሠራ ሰው ሁለት አደጋዎች በአንድ ጊዜ ይጠብቁታል፤ መቆረጥና መውደቅ። ከሁለቱ ፈጥኖ የሚገድለው የደም መፍሰስ ነው። ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ማቆም የሚቻለውም ይኸው ነው፤ ለማቆምም ሁለት እጅ፣ ንጹሕ ጨርቅና ትንሽ እውቀት ይበቃል።

ጊዜው የማን ነው?

በወላይታ ዞን ከባድ ጉዳት ሲደርስ በሕዝቡ አፍ የመጀመሪያው ቃል «ኦቶና ውሰዱት» የሚል ነው። በሶዶ ከተማ የሚገኘውና ዛሬ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው ሆስፒታል በዚሁ በኦቶና ስም ይታወቃል። በከተማው ሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታልም ይገኛል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ቁስለኛ እነዚህን ወደ መሰሉ ሆስፒታሎች መድረስ አለበት። ጥያቄው በምን ያህል ጊዜ ይደርሳል የሚለው ነው።

እስቲ ስሌቱን እንመልከት። ከአረካ እስከ ሶዶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሞተር ብስክሌት ሳይቆም በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ 45 ደቂቃ ይፈጅበታል። አደጋው የደረሰው ግን በአስፋልቱ ዳር ላይሆን ይችላል። ከማሳው እስከ መንገዱ በቃሬዛ የሚኬድበት፣ ተሽከርካሪም የሚጠበቅበት ጊዜ ሲጨመርበት ከ1 ሰዓት በላይ ይሆናል። ከሁምቦ ቆላ ወይም ከኦፋ ተራራማ ቀበሌዎች ሲሆን ደግሞ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል።

በሌላ በኩል የደሙን ስሌት እንመልከት። በአንድ ጎልማሳ ሰው አካል ውስጥ የሚዘዋወረው ደም በአማካይ 5 ሊትር ያህል ነው፤ ይኸውም አንድ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጄሪካን ይሞላል። ከዚህ ውስጥ ከ1 ሊትር ተኩል እስከ 2 ሊትር የፈሰሰበት ሰው ሕይወቱ በከባድ አደጋ ላይ ነው። በጭን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ ደም ቅዳ ሙሉ በሙሉ ከተቆረጠና ማንም ካላቆመው፣ ሰውዬው በጥቂት ደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሊሞት ይችላል።

እንግዲህ 5 ደቂቃን ከ45 ደቂቃ ጋር ማወዳደር ነው። ማንም ሐኪም፣ ማንም አምቡላንስ ይህን ልዩነት ሊሞላው አይችልም። ሊሞላው የሚችለው በዚያች ሰዓት በዛፉ ሥር የቆመ ሰው ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይኸው ነው፤ ሆስፒታሉ የሚያድነው ደሙ ቆሞ የደረሰለትን ሰው ነው፤ ደሙን የሚያቆመው ደግሞ ጎረቤቱ ነው።

አደጋው የሚደርሰው እንዴት ነው?

በዛፍ ሥራ ላይ የሚደርሰው መቆረጥ በአብዛኛው አንድ ዓይነት መንገድ አለው። ሠራተኛው በአንድ እጁ ቅርንጫፉን ይዞ በሌላው ይመታል። ገጀራው ከእንጨቱ ላይ ይንሸራተትና የያዘውን እጅ፣ ወይም በግንዱ ላይ የተጠመጠመውን ጭንና ቅልጥም ያገኛል። በመጥረቢያ የሚሠራ እግሩን ይመታል። በሞተር መጋዝ የሚሠራ ደግሞ የመጋዙ ጫፍ ከእንጨት ጋር ሲጋጭ ወደ ኋላ ይወረወርበትና ፊቱን፣ አንገቱን ወይም ትከሻውን ያገኘዋል። የሞተር መጋዝ ቁስል የተበጣጠሰና ጥልቅ ስለሆነ ከሁሉም የከፋ ነው።

መሣሪያ ባይዝም እንኳ የሚወድቅ ሰው በተቆረጡ የቅርንጫፍ ጉቶዎች ላይ ሊሰካ ይችላል። የአቮካዶ እንጨት ተሰባሪ ነው፤ ፍሬ የበዛበት ቅርንጫፍ ምልክት ሳይሰጥ ከሥሩ ይገነጠላል። በክረምት የረጠበ የባሕር ዛፍ ልጥም ያሟልጫል።

በምድር ላይ የሚሠራም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም። በሁምቦ 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተከልሎ ደኑ መልሶ የበቀለው፣ ከጉቶ የሚያቆጠቁጡ ቀንበጦችን እየመረጡ ሌሎቹን በመመልመል ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ማጭድና ገጀራ የያዙ ብዙ ሰዎች ተጠጋግተው የሚሠሩበት ስለሆነ፣ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ለእነርሱም ያገለግላል።

ብርቱ የደም መፍሰስ በምን ይታወቃል?

የሚደማ ቁስል ሁሉ አያስፈራም። ትንሽ ጭረት ለጥቂት ጊዜ ደምቶ በራሱ ይቆማል። ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ግን ጉዳዩ የሕይወት ጉዳይ ነውና ወዲያው እርምጃ መውሰድ ያስፈልጋል።

ሀ. ደሙ ከልብ ምት ጋር እየፈነጠቀ ሲወጣ፤
ለ. ደሙ ሳያቋርጥ ሲፈስና በመሬት ላይ ሲያቁር፤
ሐ. ልብስ ወይም የተደረገው ጨርቅ በደም ርሶ መንጠባጠብ ሲጀምር፤
መ. እጅ ወይም እግር በሙሉ ወይም በከፊል ሲቆረጥ፤
ሠ. ቁስለኛው ሲገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ሲያልበው፣ ሲጠማው፣ ሲቅበዘበዝ ወይም የሚናገረው ሲዘባረቅ።

በተለይ የመጨረሻውን ምልክት ልብ ይሏል። ቁስለኛው «ምንም አልሆንኩም» እያለ መነሣት ሊፈልግ ይችላል። ይህ የብርታት ምልክት ላይሆን ይችላል፤ አንጎሉ ደም እያነሰው መሆኑን የሚያሳይ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሾክ የሚሉት ሁኔታ በዚህ መልክ ይጀምራል።

ቁስለኛው ገና ዛፍ ላይ ከሆነ

ሠራተኛው ከፍታ ላይ ሳለ ከተቆረጠ ሰዎች ሁሉ «ውረድ! ውረድ!» እያሉ ይጮኻሉ። ይህ ትክክል አይደለም። እየደማ የሚወርድ ሰው ቁስሉን የያዘበትን እጅ መልቀቁ ግድ ስለሆነ በመካከል ራሱን ስቶ ይወድቃል። በመሆኑም ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

1. መሣሪያውን ሰው ወደሌለበት ጎን ይጣል። የሞተር መጋዝ ከሆነ ይጥፋ።

2. በጠንካራ ቅርንጫፍ ጉንድ ላይ ይቀመጥ፤ በገመድ ያልታሰረ ከሆነ በአንድ ክንዱ ግንዱን ይቀፍ።

3. በሌላው እጁ ቁስሉን አጥብቆ ይጫን። ቁስሉ ጭኑ ላይ ከሆነ በመዳፉና በክብደቱ ይጫነው። መቀነት ወይም ሰፊ ቀበቶ ካለው ከቁስሉ በላይ ይሰር።

4. ከታች ያለው ሰው ሁለተኛ ገመድና የእርዳታውን ቋጠሮ ይዞ ይውጣ። ደሙ እየፈነጠቀ ከሆነ አስቀድሞ እዚያው ላይ ይሰር፤ ቀጥሎ ቁስለኛውን በገመድ ቀስ ብሎ ያውርድ። ደሙ ያን ያህል ካልሆነ ጨርቅ ጠቅልሎ ያውርደው።

በገመድ ተንጠልጥሎ ራሱን የሳተ ሰው ካለ ግን መውረዱ አይዘገይም። ተንጠልጥሎ መቆየት ብቻውን ደም በእግር እንዲጠራቀም አድርጎ ሊገድል ይችላልና።

ወደ ላይ ከመውጣት በፊት ዙሪያውን መመልከት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ ሽቦ ዛፉን ወይም ቁስለኛውን ነክቶ እንደሆነ ኃይሉ እስኪቋረጥ ድረስ ማንም አይቅረብ። በቀፎ ሥራ ላይ የደረሰ አደጋ ከሆነ ደግሞ ንቡን በጭስ ማራቅ ወይም ቁስለኛውን ከስፍራው ማራቅ ይቀድማል።

ደምን የማቆም ሦስት ደረጃ

አንደኛ፦ መጫን

ልብሱን ቀድደው ቁስሉን ይግለጡ። ደሙ የሚወጣበትን ትክክለኛ ቦታ ሳያዩ በጨርቅ ላይ ጨርቅ መደረብ ጥቅም የለውም። የሰው ደም በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል፣ ጓንት ከሌለ እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ። ፌስታል ፍለጋ ግን ጊዜ አይጥፋ።

ንጹሕ ጨርቅ አጥፈው በቁስሉ ላይ ያድርጉ። ቁስለኛው በጠንካራ መሬት ላይ ተኝቶ፣ እርስዎ ተንበርክከው፣ ክንድዎን ቀጥ አድርገው በሁለት እጅ በሙሉ የሰውነትዎ ክብደት ይጫኑ። ቀስ ብሎ መያዝ አይበቃም። ቁስለኛው ከሕመሙ የተነሣ ቢጮኽም አይልቀቁ። ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳያቋርጡ ይጫኑ፤ «ቆመ ይሆን?» እያሉ ጨርቁን አያንሡ። በተነሣ ቁጥር መርጋት የጀመረው ደም ይገነጠላል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደርቡበትና የበለጠ ይጫኑ። ከታሰረ የቆየ ጨርቅ ውስጥ ደሙ እየተንጠባጠበ ከሆነ ግን መደራረቡን ትተው፣ ጨርቁን አንሥተው በትክክለኛው ቦታ ላይ እንደገና ይጫኑ።

ሁለተኛ፦ መወተፍ

ቁስሉ ጥልቅ ከሆነና በብሽሽት፣ በብብት ወይም በትከሻ ሥር ከደረሰ ማሰር አይቻልም። እንዲህ ሲሆን ንጹሕ ጨርቁን በቁመቱ ቀድደው በጣት እየገፉ እስከ ቁስሉ ጥልቀት፣ ደሙ እስከሚመነጭበት ድረስ ይወትፉ። ቀዳዳው ከሞላ በኋላ በላዩ በሁለት እጅ ይጫኑ። ይህ ለሚያደርገው ሰው የሚከብድ፣ ለቁስለኛውም የሚያሳምም ነው፤ ሆኖም ሕይወት ያድናል። ደረትና ሆድ ግን ፈጽሞ አይወተፉም።

ሦስተኛ፦ ጥብቅ ማሰሪያ

ቁስሉ በእጅ ወይም በእግር ላይ ሆኖ ደሙ እየፈነጠቀ ከሆነ፣ መጫንም ካላቆመው፣ ወይም አካሉ ከተቆረጠ፣ ሐኪሞች ቱርኒኬት የሚሉትን ጥብቅ ማሰሪያ ማሰር ያስፈልጋል። ፋብሪካ የሠራው ካለ እርሱ ይመረጣል። በገጠር ግን ለዚህ ሥራ የሚስማማ ነገር በየቤቱ አለ፤ እርሱም መቀነት ነው። መቀነት ሰፊ፣ ጠንካራና ረጅም ነው። የቃጫ ገመድ፣ ሲባጎ ወይም ሽቦ ግን አይሆንም። ቃጫ ጥንካሬ ቢኖረውም ቀጭን ስለሆነ ደሙን ሳያቆም ሥጋውን ይቆርጣል። የማሰሪያው ስፋት ቢያንስ አራት ጣት ይሁን።

አስተሳሰሩም እንዲህ ነው።

1. ከቁስሉ በላይ፣ ማለትም በቁስሉና በልብ መካከል፣ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ርቆ ሁለት ጊዜ ይጠምጥሙ። በጉልበት ወይም በክርን መገጣጠሚያ ላይ አይሰሩ፤ ቦታው እዚያ ላይ ከወደቀ ከመገጣጠሚያው በላይ ይሰሩ።

2. አንድ ጊዜ ይቋጥሩና አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት፣ አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ጠንካራ እንጨት በቋጠሮው ላይ ያኑሩ፤ በላዩ እንደገና ይቋጥሩ።

3. ደሙ እስኪቆም ድረስ እንጨቱን ይጠምዝዙ። እንጨት ሳይገባበት በእጅ ብቻ የታሰረ ማሰሪያ ብዙውን ጊዜ ይላላል። እንዲያውም ደም መልሱን ብቻ ዘግቶ ደም ቅዳውን ስለማይዘጋ መፍሰሱን ሊያብሰው ይችላል።

4. እንጨቱ ተመልሶ እንዳይፈታ ጫፉን በሌላ ጨርቅ ከእግሩ ወይም ከእጁ ጋር ይሰሩ።

5. የታሰረበትን ሰዓት በግንባሩ ላይ ወይም በወረቀት ላይ ይጻፉ። በላዩ ልብስ አያልብሱበት፤ ሐኪሙ እንዲያየው ይሁን።

6. ሆስፒታል እስኪደርስ ድረስ አይፍቱ፤ አያላሉም። አንዱ ማሰሪያ ካላቆመው ከእርሱ በላይ ሁለተኛ ይጨምሩ።

ስለ ማሰሪያው ጥቂት ማብራሪያ

ቀደም ባሉት ዘመናት ጥብቅ ማሰሪያ ይፈራ ነበር። «እግሩ ይቆረጣል» እየተባለ በየ15 ወይም በየ20 ደቂቃው እንዲላላ የሚመከርበት ጊዜም ነበረ። ዛሬ ይህ ምክር ተሽሯል። በተላላ ቁጥር ቁስለኛው እንደገና ይደማል፤ በጥቂት በጥቂቱ የፈሰሰውም ተጠራቅሞ ይገድለዋል። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ጦርነቶች ከተገኘው ልምድ የታወቀው፣ እስከ 2 ሰዓት የቆየ ማሰሪያ በአብዛኛው በአካሉ ላይ ዘላቂ ጉዳት እንደማያደርስ ነው። በባግዳድ በነበረ የጦር ሆስፒታል ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሾክ ውስጥ ሳይገቡ ከታሰረላቸው 10 ቁስለኞች 9ኙ ተርፈዋል። ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው ግን ከ10 የተረፈው 1 ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ዋናው ነገር ማሰሩ ብቻ ሳይሆን ሳይዘገይ ማሰሩ ነው።

ከወላይታ ቀበሌዎች የብዙዎቹ መንገድ፣ አስቀድሞ ከተዘጋጁበት፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ሶዶ ወይም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ያደርሳል። ቢዘገይም ማሰሪያውን የሚፈታው ሐኪም ነው፤ ከእግር በፊት ሕይወት ይቀድማልና።

በልዩ ቦታ ያሉ ቁስሎች

አንገት፦ በቀጥታ በጣትና በጨርቅ ይጫኑ። ዙሪያውን አይሰሩ፤ ሁለቱንም ጎን በአንድ ጊዜ አይጫኑ።

ራስ፦ የራስ ቆዳ ብዙ ስለሚደማ ከሚገባው በላይ ያስደነግጣል። በጨርቅ ተጭኖ ዙሪያውን መጠቅለል ይበቃል። አጥንቱ የገባ ወይም የሚንቀሳቀስ ከመሰለ ግን በኃይል አይጫኑ።

ደረት፦ አየር የሚያስገባ ቁስል ታፍኖ አይዘጋም። ቁስለኛው እንደሚመቸው ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ በፍጥነት ይወሰድ።

ሆድ፦ አንጀት ወጥቶ ከሆነ መልሰው አያስገቡ። በንጹሕ ውኃ በራሰ ጨርቅ ይሸፍኑት።

የተሰካ እንጨት፦ ፈጽሞ አይንቀሉ። እንጨቱ የቆረጠውን የደም ቧንቧ ራሱ ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ረጅም ከሆነ ሳይነቃነቅ ይቆረጥ፤ ግራና ቀኙን በጨርቅ አስደግፈው ይሰሩ።

የተቆረጠ ጣት ወይም እጅ፦ አስቀድሞ ደሙ ይቁም። ከዚያ የተቆረጠው አካል በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፌስታል ይታሰር፤ ፌስታሉም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ተደርጎ ከቁስለኛው ጋር ይላክ። በረዶ በቀጥታ አይነካው።

የማይደረጉ ነገሮች

ደም ለማቆም ተብሎ በየአገሩ የሚደረግ ብዙ ነገር አለ። የቡና ዱቄት፣ አመድ፣ አፈር፣ እበት፣ የሸረሪት ድር፣ ጨው፣ ትምባሆና ጋዝ በቁስል ላይ ይደረጋሉ። እነዚህ ከትልቅ የደም ቧንቧ የሚወጣውን ደም ሊያቆሙ አይችሉም። የሚያስከትሉት ጉዳት ግን ብዙ ነው። በአፈርና በእበት ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) ዘር ይኖራል፤ ከደም መፍሰስ የተረፈ ሰው ከቀናት በኋላ በዚህ በሽታ ሊሞት ይችላል። ማንኛውም ጥልቅ ቁስል የደረሰበት ሰው በጤና ጣቢያ የቴታነስ ክትባት ጉዳይ ሊታይለት ይገባል።

ለቁስለኛው ውኃ፣ ወተት፣ አረቄ ወይም ምግብ አይሰጥም። «ጠማኝ» ማለቱ ያሳዝናል፤ ነገር ግን ሊያስመልሰውና ሊያንቀው ይችላል፤ ለቀዶ ሕክምናውም እንቅፋት ይሆናል። ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ማራስ ይበቃል። ራሱን እየሳተ ያለን ሰው ማቆም፣ ማስቀመጥ ወይም ደግፎ ማስኬድም አይገባም።

ወደ ሆስፒታል ማድረስ

አንዱ ሰው ደሙን ሲያቆም ሌላው ስልክ ይደውል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ ቁጥር 907 ነው። የወረዳው የጤና ጽሕፈት ቤት አምቡላንስ ሾፌር፣ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ተሽከርካሪ ያለው ጎረቤት ስልክ ቁጥር አስቀድሞ ተጽፎ መያዝ አለበት። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ የተገኘው ተሽከርካሪ ቁስለኛውን ይዞ ይነሣ፤ አምቡላንሱም በመንገድ ላይ ይገናኘው።

ቁስለኛው በጀርባው ይተኛ፤ በጋቢ ይሸፈን። የቀዘቀዘ ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋም፤ ስለዚህ ጋቢው ለምቾት ብቻ ሳይሆን ደም ለማቆምም ይረዳል። ከዛፍ የወደቀ ሰው አከርካሪው ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ራስ፣ አንገትና ወገቡ በአንድ መስመር ተይዘው፣ ቢያንስ አራት ሰዎች በአንድ ድምፅ አንሥተው በሳንቃ ወይም በጠንካራ ቃሬዛ ላይ ያድርጉት። ሆኖም ደም እየፈሰሰ ሳለ «አትንኩት» ብሎ መቆም አይገባም። ደሙን ማቆም ይቀድማል፤ አከርካሪውም ሳይነቃነቅ ደሙን ማቆም ይቻላል።

በሞተር ብስክሌት በሁለት ሰው መካከል አስቀምጦ መውሰድ የመጨረሻው አማራጭ ነው። የግድ ከሆነ ማሰሪያው መጥበቁ ይረጋገጥ፤ ከኋላ የሚቀመጠውም ቁስሉን እየተጫነ ይሂድ።

ሆስፒታል ከደረሰ በኋላ ለቁስለኛው ደም ሊያስፈልገው ይችላል። ደም የሚገኘው ከሰው ብቻ ነው። ጤነኛ ጎልማሳ በየ3 ወሩ ደም መስጠት ይችላል። የአካባቢው ወጣቶች በበጎ ፈቃድ የሚሰጡት ደም ለማያውቁት ሰው ብቻ ሳይሆን ነገ ለገዛ አባታቸው የሚውል ሊሆን ይችላል።

የዛፍ ሥራ ቋጠሮ

ከመሣሪያው ጋር ሁልጊዜ ወደ ዛፉ የሚሄድ አንድ ቋጠሮ እንዲዘጋጅ እንመክራለን። የሚይዘውም፦

ሀ. ተቀቅሎ በፀሐይ የደረቀ ሁለት ትልልቅ ንጹሕ ጨርቅ፣ በፌስታል የታሸገ፤
ለ. ሁለት መቀነት ወይም አራት ጣት ስፋት ያለው ጠንካራ ጨርቅ፤
ሐ. አንድ ስንዝር የሆኑ ሁለት ጠንካራ እንጨቶች፤
መ. ለእጅ የሚሆን ጓንት ወይም ፌስታል፤
ሠ. እስክሪብቶና የስልክ ቁጥሮች የተጻፉበት ወረቀት።

ይህ ሁሉ ከቤት የሚገኝ ነው። ቋጠሮው በዛፉ ሥር እንጂ በቤት ቆጥ ላይ መቀመጥ የለበትም።

ቋጠሮው ብቻውን ደግሞ ጥቅም የለውም። በሌላው ዓለም በሙያቸው ዛፍ የሚወጡ ሠራተኞች አንድ የጸና ደንብ አላቸው፤ ማንም ብቻውን ዛፍ ላይ አይወጣም፤ ከታች የሚቆመውም ወጥቶ ማውረድ የሚችል ሰው መሆን አለበት። በእኛም ዘንድ ይኸው እንዲለመድ ያስፈልጋል። ከታች የሚቆመው ልጅ ብቻ ከሆነ ቢያንስ መጫንንና ጎረቤት መጥራትን ይማር። የዕድር ስብሰባ ሲደረግ ግማሽ ሰዓት ወስዶ የማሰሪያውን አስተሳሰር እርስ በርስ መለማመድ ይቻላል። ዕድር ቀባሪ ብቻ ሳይሆን አዳኝም ቢሆን መልካም ነው።

ዛፉን ዝቅ ማድረግ

ከሁሉ የሚሻለው እርዳታ አደጋው እንዳይደርስ ማድረግ ነው። በዚህ በኩል የግብርናው ሙያ ራሱ የሚያበረክተው አለ።

የአቮካዶ ዛፍ እንደ ልቡ ሲያድግ 15 ሜትርና ከዚያም በላይ ይረዝማል። የተዳቀለ ችግኝ ተተክሎ ከልጅነቱ ጀምሮ ጫፉ እየተቆረጠ ከ4 እስከ 5 ሜትር ከፍታ ቢያዝ፣ ፍሬው ከመሬት ሆኖ በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ መልቀሚያ ከረጢት ይለቀማል። የሚለቀመው ፍሬም አይፈርጥም፤ ዋጋውም አይወርድም። ቀፎም እንዲሁ ነው። የሽግግርና ዘመናዊ ቀፎዎች ከመሬት ጥቂት ከፍ ባለ መደብ ላይ ስለሚቀመጡ በሌሊት ዛፍ ላይ መውጣትን ያስቀራሉ።

መውጣት ግድ በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ፦ ገጀራ በእጅ ተይዞ አይወጣም፤ ሠራተኛው ቦታውን ከያዘ በኋላ በገመድ ይሳብለት። ወገቡ በጠንካራ ገመድ ከግንዱ ጋር ይታሰር። በሚቆርጥበት ጊዜ የሚመታው ከሰውነቱ ወደ ውጭ ይሁን፤ የሚይዘው እጁም ከሚመታበት ቦታ አንድ ክንድ ያህል ይራቅ። በዝናብ ማግሥት አይወጣ። ከዛፉ ላይ የሞተር መጋዝ መጠቀም ያልሠለጠነ ሰው ሥራ አይደለም።

ማጠቃለያ

በዛፍ ሥራ ላይ ብርቱ የደም መፍሰስ ሲደርስ፦ 1ኛ፣ ቁስሉን ገልጦ በሙሉ ክብደት መጫን፤ 2ኛ፣ በማይታሰር ቦታ መወተፍ፤ 3ኛ፣ በእጅና በእግር ላይ መቀነትና እንጨት ተጠቅሞ ማሰር፣ ሰዓቱን መጻፍ፣ አለመፍታት፤ 4ኛ፣ አስተኝቶና አልብሶ ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ያስፈልጋል።

የግብርና ልማት ሠራተኞች ስለ መመልመልና ስለ ፍራፍሬ ልማት ትምህርት በሚሰጡበት ቦታ ሁሉ ይህን ጽሑፍ እንዲያነቡላቸው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም አስተሳሰሩን በተግባር እንዲያሳዩ እንጠይቃለን። ማንበብ የማይችል ጎረቤት ካለ የሚያነብለት ይንገረው። ነገ ገጀራ ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሁሉ፣ ከመውጣቱ በፊት ወደ ታች ተመልክቶ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ከሥር የቆመው ማን ነው? ቋጠሮውስ የት አለ?